ጋሽ ደቻሳና የማይነሳው ፔዳል

የጋሽ ደቻሳን ሞት በስልክ ያረዳኝ ሰው እየሳቀ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። "እትዬ ዘነበች፣ ጋሽ ደቻሳ አረፈ" ካለ በኋላ ድምፁ ሊሰበር ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና "ሐኪሙን እኮ 'ሆዴን ከመቅደድህ በፊት ዘይቴን አይተሃል ወይ?' ብሎ ሲያፋጥጠው ነበር" አለኝ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅኩ። ስጨርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ በነበረ አንድ ጋራዥ አብረን ሠርተናል። እሱ መካኒክ፣ እኔ የመኪና ወንበር ሰፊ። ባሌ ሲሞት ያወረሰኝን ከባድ የቆዳ መስፊያ ይዤ ከጋራዡ ጥግ እቀመጥና የሰው ወንበር ስጠግን እውላለሁ። ሥራዬ ወንበር ላይ ይሁን እንጂ ጆሮዬ ሁልጊዜ ጋሽ ደቻሳ ዘንድ ነበር፤ እሱ ባለበት ቦታ ሬዲዮ አያስፈልግም።

አጭር ነው፣ ጆሮው ትልልቅ ነው፣ በቱታው ላይ ከረባት ያስራል። ከረባቱ ከግራሶ ብዛት የቀድሞ ቀለሙ ጠፍቷል። "ጋሼ፣ ቱታና ከረባት ምን አገናኛቸው?" ስለው "ሐኪም አይደለሁም እንዴ? በሽተኛዋ ልታከብረኝ ይገባል" ይለኛል። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። "ከአዋሽ ወዲህ መካኒክ እኔ ነኝ፤ ከአዋሽ ወዲያ ያሉትን ደግሞ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ" ሲል ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት አይታይም። አቦምሳ ነው የተወለደው። ጠዋት ሲገባ ያደሩትን መኪኖች ኮፈናቸውን መታ መታ እያደረገ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ?" ይላቸዋል፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ለባለቤቶቹ ሰላምታ የሚሰጠው ከመኪኖቹ በኋላ ነበር።

ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ሰውየውን ይመረምራል። ማን ይነዳታል? ማን ያጥባታል? የት ታድራለች? ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣላችሁ? ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ጎማ ለማስተካከል የመጣ ሰው ነው። "መኪና በራሷ አትታመምም፤ የሚያሳምማት ሰው ነው" ይላል። አንድ ነጋዴ መኪናዬ ከወንበር ሥር ታንኳኳለች ብሎ መጣ። ጋሽ ደቻሳ ከረባቱን አስተካክሎ "ባለቤትዎ አብረው ሲሆኑ ነው የምታንኳኳው ወይስ ሳይኖሩ?" አለው። ሰውየው አሰበና "ሳትኖር" አለ። ጋሽ ደቻሳ እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደና የአረቄ ጠርሙስ አወጣ። "እሳቸው ሲኖሩ እቤት ይተዉታላ!" ብሎ መለሰለት። ነጋዴው ጋራዡን ቀይሮ እንደገና ወደ እኛው ተመለሰ።

ጴንጤ ነበር። በዚያ ዘመን ጴንጤ መሆን ቀላል አልነበረም፤ ዝማሬ ከቤት ከተሰማ ቀበሌ ይመጣል። ጋሽ ደቻሳ ግን መኪና ሥር ተጋድሞ ይዘምራል። ካድሬ ድንገት ቢገባ ከየትኛው መኪና ሥር እንደሚዘመር ሳያውቅ ጎንበስ ቀና ሲል ዝማሬው ያልቃል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሁላችንም የውይይት ክበብ እንገባለን። አንድ ቀን ስለ ተቃራኒዎች ትግል ሲጠየቅ ተነሳና "ጓዶች፣ ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከሌለው ሞተር አያስነሳም፤ ሁለቱ በቀጥታ ከተነካኩ ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ መሃል ላይ ሆኖ የሚጠብቃቸው መካኒክ ያስፈልጋል" ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበለት። ካድሬው ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ስላላገኘው እሱም አጨበጨበ።

አሁን ወደ ቀይዋ መኪና ልምጣ። ከአንድ ባለርስት ግቢ የተወረሰች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረች። ለአብዮቱ ሥራ ተብላ ለጓድ ይልማ ተሰጠች። ጓድ ይልማ የአካባቢው ትልቅ ሹም ነው፤ በጣም ረጅም ስለነበር ሲገባባት እንደ ጃንጥላ መታጠፍ ነበረበት። ሾፌሩ ሽመልስ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዘች ወጣት ነው።

የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ላይ ጓድ ይልማ በዚያች መኪና ከሰልፉ ፊት ሆኖ ሊያልፍ ፈለገ። ጣሪያዋ ተገለጠ፣ እሱም ቆመ፣ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። ልክ ከክብር መድረኩ ፊት ሲደርሱ ሽመልስ ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ፔዳሉ ወረደ፤ ወርዶ ቀረ። ሽመልስ ቤንዚን ቢሰጥም ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትነቃነቅም። ከኋላ ያለው የሙዚቃ ጓድ ቆመ፣ ከእሱ ኋላ ያሉት የወንጂ አገዳ ቆራጮች ተደራረቡ፣ ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ አገዳ ቆራጮቹ ገፍተው አሳለፏት። ጓድ ይልማ ያን ሁሉ ጊዜ የጨበጠውን እጁን አላወረደም።

ሽመልስ በዚያው ዕለት ታሰረ። ክሱ አሻጥር ነው። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትለው ቃል ሰው ትበላ ነበር፤ ያች ቃል ተለጥፋበት "ወደ ላይ ተላልፏል" የተባለ ሰው ሲመለስ አላየንም። መኪናዋ ወደ እኛ ተጎትታ መጣች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከእሷ ጋር መጥቶ እስከ ሰኞ ቴክኒካዊ ምክንያት ካልተገኘ ሾፌሩ ሆን ብሎ ያደረገው እንደሆነ ይቆጠራል አለን። የሽመልስ ሚስት ሆዷን ይዛ ከጋራዡ በር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ ሊላት አልደፈረም።

ጋሽ ደቻሳ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና "ሞላ ነው" አለ። ፔዳሉን ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ላልቷል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል አለ። ከእኔ አሮጌ ወንበር ውስጥ ሞላ ነቅሎ፣ ቆርጦ፣ አጣሞ ገጠመ። ረገጠው፤ ተነሳ። "ኤገ! በቃ፣ አለቀ!" ብሎ ለሽመልስ ሚስት ሻይ አዘዘላት። ሻይዋን ሳትጨርስ እንደገና ሲረግጠው ፔዳሉ ታች ቀረ። ሴትየዋ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠችው።

"እንግዲያው ፖምፓው ነው" አለ። "የፍሬን ዘይት ሲጠፋ አንዱ ያገኘውን ዘይት ጨምሮበት ጎሚኒው፣ የውስጧ ጎማ፣ አብጧል። ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።" ፖምፓውን አወረደና ፈታው። ጎማዋ ደህና ናት፣ ዘይቱም ንጹሕ ነው።  

ፖምፓውን መልሶ ከገጠመ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳና ፔዳሉን ከፖምፓው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፈታ። ሞላውንም አነሳ። አሁን ፔዳሉ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ በሚዞርበት ብረት፣ በገዛ ወገቡ ላይ እንደፈለገ መወዛወዝ ነበረበት። በእጁ ወደ ታች ተጫነው። እዚያው ቀረ።

"ዘነበች፣ ነይ እስቲ" አለኝ። "ሞላውን ቀየርኩ፣ አልሆነም። ፖምፓው ንጹሕ ነው። ሕመሙ እዚሁ ወገቡ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከሩቅ ስፈልግ ነበር።" ፔዳሉ የሚዞርበትን ብረት በላምባ አርሶ፣ በመዶሻ እየነካካ ነቀለው። ብረቱ ከዳር እስከ ዳር ዝጓል።

በዚያ ዓመት በልጉ ከድቶን ናዝሬት ላይ አቧራ እንጂ ጠብታ አልወረደም። "ውሃ ከየት መጣ?" አለና ምንጣፉን እንድገልጥለት ጠየቀኝ። ገለጥኩት። በሾፌሩ እግር በኩል ያለው ምንጣፍ ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ከላዩ ግን ደረቅ ነው። ከፔዳሉ ራስ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ ነጣ ያለ ጭቃ ተጋግሯል። በጣቴ አሸሁትና ወዲያው አወቅኩት።

"ጋሼ፣ ይህ እምነት ነው" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"የምን እምነት?"

"እናንተ አታውቁትም። ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ የተባረከ አመድ ነው። ከጠበል ጋር በጥብጠው የሚረጩት።"

ይህን ስል የረጩት ማን እንደሆኑ ገባኝ። እሑድ እሑድ ከጠበሉ ቦታ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ጀሪካን ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። እማማ አስካለ ይባላሉ። የሚከናነቡት ጸሐይ ፈርተው አልነበረም፤ የጓድ ይልማ እናት ስለሆኑ ነው። ልጃቸው በየመድረኩ እግዚአብሔር የለም እያለ ያስተምራል፤ እናቱ ጎሕ ሲቀድ የአብዮቱን መኪና ጠበል ያጠጣሉ።

ጋሽ ደቻሳ ይህን ስነግረው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። ከረባቱ መሪው ላይ ተጠምጥሞ አንቆት እንኳ አላቆመም። እኔ ግን ምንጣፉን መልሼ ሸፈንኩት። እውነቱን ብንናገር ጓድ ይልማ ከሥልጣኑ ይወርዳል፤ ሳይወርድ በፊት ግን እኛን ያወርደናል። ካልተናገርን ሽመልስ ያልቃል። "ጋሼ፣ አትሳቅ፤ ሰው ሊሞት ነው" አልኩት። ከሳቁ ተመለሰ፣ ዓይኑን ጠረገና እጁን ሳይታጠብ ለሽመልስ ምሳ ይዞ ወደ እስር ቤቱ ሄደ።

ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "ያውቃል" አለኝ። "ሁሉንም ያውቃል። ግን 'እማማ አስካለን የምታነሳ ከሆነ ምሳህን መልሰህ ውሰድ' አለኝ።"

ሰኞ ጠዋት ጓድ ይልማ ከሊቀ መንበሩ ጋር መጣ። ከበሩ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተቀመጠላቸው። ጋሽ ደቻሳ ከረባቱን አጥቦ ነበር፤ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅነው ያን ቀን ነው። የዛገውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ጓድ ደቻሳ፣ ምክንያቱ ታወቀ?" አለ ጓድ ይልማ።

"ታውቋል ጓድ። ዝገት ነው።"

"ዝገት በራሱ ይመጣል?" ሊቀ መንበሩ ጣልቃ ገባ።

"አይመጣም። ውሃ ነው የሚያመጣው።"

"በዚህ ድርቅ ውሃ? ሾፌሩ ነዋ ያፈሰሰበት! ይኸው አሻጥሩ!"

"ሊሆን ይችላል" አለ ጋሽ ደቻሳ።

በእጄ የነበረውን መቀስ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ቆሞ ደረቱን ነፋ።

"ሊሆን ስለሚችል ነው በዋዛ ማለፍ የሌለብን፣ ጓዶች! ነቅተን እንጠብቅ! መኪናዋ እኛ ዘንድ ማደር ከጀመረች ወዲህ ምንጣፏ እየደረቀ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚፈስባት ከምታድርበት ነው። የምታድረው የት ነው? ጓድ ይልማ ግቢ! ጠላት እዚያ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። ግቢው ይፈተሽ። ዘበኛው ይጠየቅ። በቤቱ የሚኖሩ ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ አንድ በአንድ ይመርመሩ። ደግሞ ከምንጣፉ ሥር ይህን ነጭ ነገር አግኝተናል፤ አዲስ አበባ ተልኮ ምንነቱ ይታወቅ!" ብሎ በወረቀት የጠቀለለውን አመድ ከጠረጴዛው ላይ ፈታው።

ሊቀ መንበሩ በደስታ ከወንበሩ ተነሳ። "ትክክል! ዛሬውኑ ፍተሻ ይጀመር!"

ጓድ ይልማ ግን አመዱን እያየ ነበር። ያን ረጅም ሰውዬ ሳየው አንገቱ ወደ ትከሻው የገባ መሰለኝ። ምን እንደሆነ አውቆታል። ምናልባት በሕፃንነቱ ግንባሩ ላይ ተቀብቶለት ይሆናል። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ መልሶ አጠፈው።

"ይበቃል" አለ።

"ግን ጓድ፣ ጠላት እኮ..." አለ ጋሽ ደቻሳ።

"ይበቃል አልኩ! አሮጌ መኪና ናት። አሮጌ ነገር ይዝጋል።"

"እንዴ ጓድ፣ አብዮታዊ ጥንቃቄ..."

"ጓድ ደቻሳ!"

በሆዴ ድንግል ማርያምን እየተማጸንኩ ነበር፣ ይህን ሰውዬ አፉን እንድትይዝልኝ። ጋሽ ደቻሳ እጁን አጣምሮ፣ የታዘዘ ተማሪ መስሎ ቆመ።

"እሺ ጓድ። ታዲያ ሾፌሩስ?"

"ይፈታ።"

"ዛሬ?"

"አሁን!" ብሎ ተነሳ። ሊቀ መንበሩ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ተከትሎት ወጣ።

ሽመልስ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሚስቱ ስታየው ከድንጋዩ ላይ መነሳት አቅቷት እዚያው እያለቀሰች እጇን ዘረጋችለት። እሷን አቅፎ ሳለ ከትከሻዋ በላይ ጋሽ ደቻሳን አየውና "እማማን አነሳሃቸው?" አለው።

"ማንም አላነሳቸውም።"

"ማልልኝ።"

"እኛ አንምልም። ግን አላነሳኋቸውም።"

እኔ አላስቻለኝም። "አንተ ሽመልስ፣ ለሹም እናት ብለህ ልትሞት ነበር? የተረጨው ለልጃቸው አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"እትዬ ዘነበች፣ ልጃቸው እኮ የሚቀመጠው በዚያኛው በኩል ነው" አለኝ። "ፔዳሉ ላይ የሚያርፈው የኔ እግር ነው። እኔ እናት የለኝም። በየጠዋቱ ጎንበስ ብለው እግሬ የሚያርፍበትን እየረጩ 'ይሄንንም ልጅ በሰላም አግባልኝ' ይላሉ። እንዴት አድርጌ አሳልፌ እሰጣቸዋለሁ?" ሊቀጥል ነበር፤ እንባ ቀደመው።

ጋሽ ደቻሳ አፍንጫውን በከረባቱ ጠረገና ብረቱን ሊሞርድ ሄደ። ሲጨርስ ግራሶ ቀብቶ ገጠመው። ሽመልስ እየደጋገመ ረገጠው፤ ፔዳሉ እየደጋገመ ተነሳ።

ከሳምንት በኋላ ቀይዋ መኪና እንደገና መጣች። ሽመልስ እየነዳ፣ ጓድ ይልማ በዚያኛው በኩል ተጣጥፎ። አጃቢ የለም። ሁለቱም ሲወርዱ ዓይኔ እግራቸው ላይ አረፈ፤ የሁለቱም ሱሪ ጫፍ እርጥብ ነበር።

ጓድ ይልማ መሬት መሬቱን እያየ "እማዬን ጠዋት ጠዋት በመስኮት አያት ነበር" አለ። "ሰምታለች። ሽመልስ መታሰሩን፣ በምን እንደታሰረ። ሌሊቱን ስታለቅስ ነበር የምታድረው። አሁን ደግሞ ሁለታችንንም አሰልፋ ነው የምትረጨን። እማዬን ተይ ልላት አልቻልኩም። ምን ይሻላል?"

"ግራሶ ይሻላል" አለ ጋሽ ደቻሳ። "በየሳምንቱ ያምጧት። እኔ እቀባለሁ፣ እሳቸው ይርጩ።"

ጓድ ይልማ ራሱን ነቀነቀ። ሊገባ በሩን ከከፈተ በኋላ ቆመና "በዚያን ቀን ምን ስታደርግ እንደነበር ገብቶኛል" አለው። "ላሳስርህ እችል ነበር።"

የእነ ጋሽ ደቻሳ የጸሎት ቤት በር በሚስማር የተቸነከረው በዚሁ ሰውዬ ፊርማ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ጓድ ይልማም ያውቃል፣ ጋሽ ደቻሳ ደግሞ ሚስማሩ ሲመታ እዚያው ቆሞ ነበር። መስፊያዬን አቆምኩ። ጋሽ ደቻሳ የግራሶውን ቆርቆሮ እንደያዘ ፈገግ አለ።

"ይችሉ ነበር ጓድ። ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎ" አለ። "የጸሎት ቤታችንን ከዘጋችሁብን ወዲህ አብሮኝ የሚጸልይ ሰው አጥቻለሁ። እናትዎን፣ 'ጠዋት ሲረጩ የኔንም ስም ይጥሩልኝ' ይበሉልኝ። ደቻሳ ነው የምባለው።"

ጓድ ይልማ ፊቱ ቀላ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሽመልስም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። ሰውየው ግን ያን ሰማያዊ ከረባት አየና እንደ ጃንጥላ ታጥፎ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

"እነግራታለሁ" አለ።